ቤት ስትገዙ ልጆቻችሁ የሚመደቡበትን ትምህርት ቤት እንዴት ታጣራላችሁ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ወላጅ መኝታ ክፍሉን ከመቁጠሩ በፊት "ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?" ይላል። ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በአብዛኛው በሚኖርበት አድራሻ ነው። ቤቱን ስትገዙ ትምህርት ቤቱንም አብራችሁ እየገዛችሁ ነው። ሳንድራ ብላክ የተባሉ ኢኮኖሚስት በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ቦስተን ዙሪያ በትምህርት ቤት ድንበር ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። የኢለመንተሪው የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ያህል ጨምረው ይከፍላሉ።

እኔ ግን ነገሩን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ቤታችንን ስንገዛ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ትምህርት ቤት አምነን ፈረምን። ኦገስት ላይ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ ጸሐፊዋ አድራሻችንን ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች። ትንሽ ዝም አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ካርታው ላይ አንድ መስመር በእኛ መንገድ መሀል ለመሀል ያልፋል። ማዶ ያሉት ቤቶች እዚያ ይማራሉ፣ የእኛ ወገን ሌላ ቦታ ነው። ልጄ እጄን ይዞ "እማዬ፣ አይቀበሉኝም?" አለኝ። ይህ እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

1. መጀመሪያ ቤቱ የማን ግዛት እንደሆነ እወቁ

ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ቨርጂንያ ላይ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞችም አሉ። የፖስታ አድራሻ ደግሞ ይህንን አይነግራችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አድራሻቸው "አሌክሳንድርያ" የሚል ብዙ ቤቶች በእውነቱ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። የአሌክሳንድርያ ከተማ አንድ የመንግሥት ሃይስኩል ብቻ ነው ያለው። የፌርፋክስ ልጆች ግን ሌላ ቦታ ይመደባሉ። "ፎልስ ቸርች" ከዚያም ይብሳል። የፎልስ ቸርች ከተማ ትንሽ ናት፣ የራሷ ሃይስኩል ሜሪዲያን ይባላል። ፎልስ ቸርች ሃይስኩል የሚባለው ግን የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያለ ቤትም አድራሻው ፎልስ ቸርች ሆኖ ከተማዋ ውስጥ የለም። ግብሩም ትምህርት ቤቱም ይለያያል። የቤቱ የንብረት ግብር ለማን እንደሚከፈል ካያችሁ እውነቱ ይወጣል።

2. ትክክለኛውን አድራሻ በዲስትሪክቱ (ትምህርት ቤቶቹን በሚያስተዳድረው አካል) ድረ ገጽ ላይ አስገቡ

ዚሎው ወይም ሬድፊን በሚባሉት የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት የትምህርት ቤት ዝርዝር ቃል ኪዳን አይደለም። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም ፌርፋክስም የቤት ቁጥርና መንገድ አስገብታችሁ ምደባውን የምታዩበት የራሳቸው ገጽ አላቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኢለመንተሪውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ሚድል ስኩሉንና ሃይስኩሉንም ተመልከቱ፤ አንድ ኢለመንተሪ የጨረሱ ልጆች ወደ ሁለት ሚድል ስኩል የሚከፋፈሉበት ጊዜ አለ። ከዚያ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ይህ ሁሉ ኦፈር (ለቤቱ የምታቀርቡትን ዋጋ) ከማስገባታችሁ በፊት ይሁን።

3. ነጥቡን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

ግሬትስኩልስ የተባለው ድረ ገጽ ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። 9 ሲያዩ የማይጓጓ፣ 4 ሲያዩ የማይደነግጥ ወላጅ የለም። ነገር ግን የፈተና ውጤት ከቤተሰብ ገቢ ጋር በጣም ይያያዛል። ነጥቡ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ወላጆቹ ስንት እንደሚያገኙ ነው፣ መምህሩ ምን እንደሚያስተምር አይደለም። ሞንጎመሪ ካውንቲ አንድ ዲስትሪክት ነው፤ ቤተስዳ ያለውም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም ትምህርት ቤት በጀት የሚመጣለት ከአንድ ካዝና ነው።

ስለዚህ ከጠቅላላው ቁጥር በታች ውረዱ። ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ እዩ። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች፣ ጥቁር ልጆች፣ የእናንተን ልጅ የሚመስሉ ልጆች ለብቻቸው ውጤታቸው ስንት ነው? የሜሪላንድ የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ድረ ገጽ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ሰጥቶ ይህንንም ይዘረዝራል። ቨርጂንያም የራሷ ገጽ አላት። አጠቃላይ ነጥቡ 8 ሆኖ እንደ እኛ ያሉት ልጆች ወደኋላ የቀሩበት ትምህርት ቤት አለ።

ልጄ በመጨረሻ የገባበት ትምህርት ቤት ነጥቡ 4 ነበር። የሁለተኛ ክፍል መምህርቱ ግን በየአርብ አንድ መጽሐፍ በቦርሳው እየከተተች ትልክልኝ ነበር። ማንበብ የወደደው ያን ዓመት ነው።

4. ሄዳችሁ እዩ

ጠዋት በመግቢያ ሰዓት መኪናችሁን አቁማችሁ ቆዩ። መምህራኑ ልጆቹን በስማቸው እየጠሩ ይቀበላሉ? ከዚያ ቢሮ ግቡና ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች በቀን ስንት ሰዓት ይታገዛሉ? ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት ፕሮግራም አለ? ወረፋውስ? እናት ማታ ሆስፒታል ሥራ ገብታ፣ አባት ኡበር እየነዳ ለሚኖር ቤት ይህ ከነጥቡ ይበልጣል።

አውቶቡሱንም አትርሱ። ሞንጎመሪ ውስጥ የኢለመንተሪ ልጅ ከ1 ማይል በታች፣ የሚድል ስኩል ከ1.5 ማይል በታች፣ የሃይስኩል ደግሞ ከ2 ማይል በታች የሚርቅ ከሆነ በመደበኛው ደንብ አውቶቡስ አያገኝም። መንገዱን በእግራችሁ ሞክሩት።

እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ አትፈሩ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ ለወላጅ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ሞንጎመሪ ብዙ ወረቀቱን በአማርኛ ያወጣል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

5. ድንበሩ ሊቀየር እንደሚችል አስቡ

የዛሬው ምደባ የዛሬ አምስት ዓመት ላይኖር ይችላል። ሞንጎመሪ ለአዲሶቹ ውድዋርድና ክራውን ሃይስኩሎች ሲል ድንበሮቹን አጥንቷል። ፌርፋክስም በ2024 ድንበሮቹ በየአምስት ዓመቱ እንዲታዩ ደንብ አውጥቷል። ቤቱ መስመሩ ጠርዝ ላይ ከሆነ የትምህርት ቦርዱን የስብሰባ ወረቀት አንብቡ። ለአንድ ትምህርት ቤት ስም ብሎ ከአቅም በላይ መክፈል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

6. ልዩነቱን በወር አስሉት

በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት ሞርጌጅ፣ ተጨማሪ 50,000 ዶላር ማለት በወር 316 ዶላር ገደማ ነው። ግብርና ኢንሹራንስ ሳይጨመር። በዚያ ብር አስጠኚ መቅጠር ይቻላል። ሁለተኛ ሥራውን ትቶ ማታ ከልጁ ጋር መቀመጥም ይቻላል። በበኩሌ ባለ 9 ነጥብ ሰፈር ቤት ገዝቶ፣ ለክፍያው ሲሮጥ ልጁን ልጁ ከተኛ በኋላ ብቻ ከሚያየው ወላጅ፣ ባለ 6ቱ ሰፈር ሆኖ የቤት ሥራ የሚያየው ይሻላል እላለሁ።

7. ሌሎቹን በሮች እወቁ

ኤጀንታችሁን "ጥሩ ትምህርት ቤት የቱ ነው?" ብትሉት ብዙ ጊዜ አይመልስም። የ1968ቱ የፌር ሀውሲንግ ሕግ ገዢን በዘር እየለዩ ወደ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ይጠነቀቃሉ። ማጣራቱ የእናንተ ሥራ ነው።

ደግሞ ሁሉም ነገር በአድራሻ አይደለም። ሞንጎመሪ ብሌር ሃይስኩል ማግኔት የሚባል ልዩ የሳይንስና ሒሳብ ፕሮግራም አለው፤ ከሰፈሩ ውጭ ያሉ ልጆችም አመልክተው ይገባሉ። ዲሲ ውስጥ ቻርተር ትምህርት ቤቶች (ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩ ነጻ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች) እና የምደባ ሎተሪ አሉ። የማመልከቻ ቀኖቹ ቀድመው ያልፋሉና ትምህርት እንደተከፈተ ጠይቁ።

የአክስትን ወይም የጓደኛን አድራሻ ሰጥቶ ማስመዝገብ ግን ይቅርባችሁ። ከተደረሰበት ልጁ በዓመቱ መሀል ሊወጣ ይችላል፣ የትምህርት ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል። ሰፈሩን ከወደዳችሁት መጀመሪያ እዚያው ተከራዩ። የኪራይ ውሉ እንደ ቤት ባለቤትነት ወረቀት ሁሉ ለምዝገባ ይሠራል፣ ልጁም እዚያው ይማራል። ዓመቱ ሲያልቅ መግዛቱን ትወስናላችሁ።