ጓንግዡ ወይም ሆንግ ኮንግ ዲም ሰም ቤት ገብቶ እንዴት እንደሚበላ

ዕቃ ለማስመጣት ጓንግዡ የሄደ ነጋዴ፣ ከአቅራቢው «ነገ ጠዋት ሻይ እንጠጣ» የሚል ግብዣ ሲመጣለት አንድ ሲኒ ቀምሶ የሚነሳ ይመስለዋል። ሆቴሉ ውስጥ ቁርሱን ጥግብ አድርጎ በልቶ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ጠረጴዛው በትንንሽ የቀርከሃ ቅርጫት ተሞልቶ፣ ጋባዡም ሳያቋርጥ እያቀረበለት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ጠግቤያለሁ» ሲል ይቆያል። በቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ አገርና በሆንግ ኮንግ «ያም ቻ» የሚባለው ሻይ ይዞ ዲም ሰም መብላት ነው። ዲም ሰም ደግሞ በእንፋሎት የበሰለ፣ የተጠበሰ ወይም የተጋገረ፣ በትንሽ በትንሹ ቀርቦ ለጋራ የሚበላ ምግብ ነው። ምግቡ ብዙ ቢሆንም የገበታው ባለቤት ሻዩ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

1. ሰዓቱንና ቤቱን ምረጡ

የጠዋት ምግብ ነው። የቆዩት ሻይ ቤቶች በእኛ አቆጣጠር 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ፤ በዚያ ሰዓት የምታገኙት ጋዜጣ የዘረጉ ሽማግሌዎችን ነው። እሑድ ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ግን አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሳይቀር ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል፤ ወረፋው ያኔ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ዋጋ የሚቀንሱ ቤቶች አሉ። ለኪስ ጥሩ ነው፤ የተመረጠው ዓይነት ግን ሊያልቅ ይችላል።

ጓንግዡ ውስጥ ታኦ ታኦ ጁ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ የሚታወቅ ስም ነው። ፓንሺ ደግሞ በሊዋን ሐይቅ ዳር በአትክልት ስፍራ ውስጥ ስላለ እንግዳ ለመጋበዝ ይመረጣል። ሆንግ ኮንግ ላይ በ1933 የተከፈተው ሉክ ዩ የድሮውን የእንጨት ዕቃና ድባብ እንደያዘ ነው። በ2009 በሞንግ ኮክ ሰፈር በጠባብ ቤት የተጀመረው ቲም ሆ ዋን ወዲያው ሚሽላን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠውን ኮከብ አግኝቶ ዛሬ በብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው። እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያ ቀን ስመ ጥሩን ቤት ፍለጋ አንድ ሰዓት መሰለፍ አያስፈልግም። የሰፈሩ ሰው የሞላበትን ቤት ግቡ።

ስትሄዱ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብቻውን የገባ ሰው ሦስት ቅርጫት ሳይጨርስ ይጠግባል፤ አራት ሆኖ የገባ አሥር ዓይነት ይቀምሳል።

2. የአሳማውን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ

ለአብዛኛው የእኛ አንባቢ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ምግቡ ከመታዘዙ በፊት እንጂ ከቀረበ በኋላ አይገኝም። በቻይና የምግብ ዝርዝር ላይ የእንስሳው ስም ሳይጠቀስ «ሥጋ» ብቻ ከተባለ የአሳማ ነው። ችግሩ ግን በስሙ የሚታወቀው አይደለም። «ቻ ሲዩ ባዎ» የተባለውን ለስላሳ ነጭ ዳቦ ሁሉም የአሳማ ጥብስ እንዳለበት ያውቃል። የሚያሳስተው የተደበቀው ነው።

«ሎ ባክ ጎ» ከነጭ ፍጁልና ከሩዝ ዱቄት ተጋግሮ በመጥበሻ የሚጠበስ ቂጣ መሳይ ነው፤ አትክልት ነው ብሎ ያዘዘው ሰው የአሳማ ቋሊማ ቁርጥራጭ ያገኝበታል። ከጎደሬ ተሠርቶ እንደ ወፍ ጎጆ ተንጨፍርሮ የሚጠበሰው «ዉ ጎክ» ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። በሎተስ ቅጠል የተጠቀለለው «ሎ ማይ ጋይ» ስሙ የዶሮ ቢሆንም ከሩዙ መሐል አሳማና ቋሊማ አይጠፋም። በስስ ሊጥ የተጠቀለለው «ሀ ጋው» የሽሪምፕ ቢሆንም ብዙ ወጥ ቤቶች እንዲለሰልስ የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። የበሬ ሥጋ ድብልብሉም እንዲሁ ሊነካካ ይችላል። የእንቁላል ታርቱ ቅርፊት ሳይቀር በአሳማ ሞራ የሚጋገርበት ቤት አለ።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ «አሳማ አልበላም፤ የአሳማ ስብና ሞራም አልበላም» የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ አዘጋጅታችሁ ለአስተናጋጁ አሳዩ። «ስብና ሞራ» የሚለውን አትተዉ፤ ሥጋውን ብቻ ከጠየቃችሁ «የለውም» ብሎ በቅንነት ይመልስላችኋል። በአፍ መናገር ከፈለጋችሁ በአካባቢው ቋንቋ በካንቶንኛ «ም ሲክ ጂዩ ዩክ» ማለት አሳማ አልበላም ነው። ጋባዥ ካላችሁ ደግሞ ለእሱ ከዋዜማው ንገሩት። በገበታ ላይ ምግብ ከመመለስ ቀድሞ መናገር ለእሱም ለእናንተም ክብር ነው።

ሙስሊም የሆነ ሰው ሆንግ ኮንግ ዋን ቻይ ሰፈር በአማር መስጊድ ሕንፃ 5ኛ ፎቅ ላይ ያለውን ምግብ ቤት ይሂድ። ሐላል ዲም ሰም የሚሠራበት ነው፤ ቤቱ ቀላል፣ ዋጋውም የማይከብድ ነው።

ለጿሚ ደግሞ፣ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የአትክልት ምግብ ቤቶች ባለውለታ ናቸው። ሆንግ ኮንግ ባለው ናን ሊያን የአትክልት ስፍራ ውስጥ በቺ ሊን ገዳም ሥር ያለው ምግብ ቤት ሥጋ የሚባል አያስገባም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይነካባቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ወተትና እንቁላል ግን ጠይቁ። በተራው ዲም ሰም ቤት ከሆናችሁ ባዶውን የሩዝ ሊጥ ጥቅል፣ «ቹንግ ፈን»ን፣ ያለ ሥጋ እዘዙ። ቅጠላ ቅጠል ስታዝዙ ደግሞ ከላይ የሚፈሰው ጥቁር ስጎ ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት የሚሠራ ስለሆነ ለብቻው ይምጣ በሉ።

3. ሻይ እዘዙ፣ ሲኒያችሁን እጠቡ

ገና ከመቀመጣችሁ የምትጠየቁት «ምን ሻይ?» ተብላችሁ ነው። «ቦ ሌይ» ጥቁር፣ አፈር አፈር የሚል፣ ቅባት የበዛበትን ምግብ የሚያግዝ ነው። «ቲየ ጓን ዪን» ቀለል ያለና መዓዛ ያለው ነው። ጃስሚን ለለመደውም ላልለመደውም ይስማማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቦ ሌይ ከደረቀ የክሪሳንተመም አበባ ጋር ተቀላቅሎ ይምጣ፤ «ጉክ ቦ» በሉት። ስኳር አይመጣም፤ አትፈልጉትም።

ሁለት በራድ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ሻይ፣ ሌላው የፈላ ውኃ ነው። ከጎኑ ባዶ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ከተቀመጠ ለመታጠቢያ ነው። የመጀመሪያውን ትኩስ ሻይ ወይም ውኃ በየራሳችሁ ሳህን ላይ አፍስሱ፣ ሲኒዋን በውስጡ አንከባልሉ፣ የቾፕስቲኩንና የማንኪያውን ጫፍ ንከሩ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ትልቁ ሳህን ድፉት። ዕቃው ቆሻሻ ነው ማለት አይደለም፤ ልማድ ሆኖ የቀረ ነው። በውድ ምግብ ቤት ያ ሳህን ካልቀረበ ግን አትጀምሩት።

ሲቀዳ ከራስ አይጀመርም። ታላቅ ይቅደም፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ የራስ ሲኒ መጨረሻ። ሰው ሲቀዳላችሁ ወሬ አቋርጣችሁ «አመሰግናለሁ» ማለት ሳያስፈልግ ጠቋሚና መሐል ጣታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ። አፈ ታሪኩ ከ1735 እስከ 1796 የነገሠው አጼ ቺየንሎንግ ማንነቱን ደብቆ ሲዘዋወር ለአሽከሮቹ ሻይ ቀዳላቸው ይላል። ተነሥተው ቢሰግዱ ምስጢሩ ይወጣል፤ ስለዚህ በጣታቸው ሰገዱ። እውነት ይሁን ተረት፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሁሉም ጣቱን ያንኳኳል።

በራዱ ሲያልቅ አስተናጋጅ መጥራት አያስፈልግም። ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ ጠርዙ ላይ አሳርፉት፤ ያየው አስተናጋጅ ውኃ ይሞላዋል።

4. በሁለት ዙር እዘዙ

ዛሬ በአብዛኛው ቤት የሚታዘዘው በወረቀት ነው። ስሞቹ በረድፍ ተጽፈዋል፤ በሚፈልጉት አጠገብ ቁጥር ይጻፋል ወይም ምልክት ይደረጋል። ዋጋው ብዙ ጊዜ በየስሙ ሳይሆን በመደብ ነው፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ልዩ። የቻይና ከተሞች ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ በስልክ አንሥታችሁ እንድታዝዙ ሊነገራችሁ ይችላል፤ የአገሩ መተግበሪያ ከሌላችሁ «ወረቀት ስጡን» በሉ።

ምግብ በጋሪ እየተገፋ የሚዞርበት ቤት እየቀነሰ ነው። ሆንግ ኮንግ በሲቲ ሆል ሕንፃ ያለው ማክሲምስ ፓላስ እስካሁን ይገፋል፤ በአሜሪካ የቻይና ሰፈሮችም በትልልቅ አዳራሾች ይገኛል። ጋሪ ካለ ክዳኑ ተከፍቶ ታያላችሁ፣ በጣት ታሳያላችሁ፣ የጠረጴዛችሁ ካርድ ላይ ማኅተም ይደረጋል። ጋሪው አጠገባችሁ በቆመ ቁጥር ማንሣት ግን አደገኛ ነው፤ ዓይን ከሆድ ይቀድማል።

አንድ ቅርጫት ሦስት ወይም አራት ፍሬ ይይዛል። ለአራት ሰው መጀመሪያ አምስት ወይም ስድስት ቅርጫት ይበቃል፤ ከዚያ ያላችሁበትን አይታችሁ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዘዘ ሰው ግማሹን ቀዝቅዞ ይበላዋል። ዲም ሰም ቀዘቀዘ ማለት ደግሞ ጠፋ ማለት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ዙር ይህ ነው፦ ሀ ጋው፣ የሽሪምፕ ቹንግ ፈን፣ በጨው በተብላላ ጥቁር አኩሪ አተር የበሰለ የዶሮ እግር፣ አንድ ሳህን ቅጠል። የሚበላ ሰው ካለ አሳማና ሽሪምፕ ያለበትን ሲዩ ማይ ይጨምር። ጣፋጩ በሁለተኛው ዙር ይምጣ።

5. አበላሉ

ወጥ ቤቱ የሚለካው በሀ ጋው ነው። ሊጡ ከስንዴ ስታርች በፈላ ውኃ ተለውሶ ስስ ተደርጎ ስለሚዳመጥ ሲበስል ብርሃን ያሳልፋል፤ የሽሪምፑ ሮዝ ቀለም ከውስጥ ይታያል። እጥፋቶቹ ተራ በተራ የተደረደሩ መሆናቸውን ተመልከቱ። ቅርጫቱ እንደተከፈተ አትቸኩሉ፤ ትኩስ ሊጥ ከሥሩ ካለው ወረቀት ጋር ይጣበቃል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና በቾፕስቲክ ከጎንና ከጎን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቃችሁ አንሡ። ከላይ ቆንጥጦ የሳበ ሰው ሊጡን በእጁ፣ ሽሪምፑን በቅርጫቱ ያስቀራል። ጥሩ ሀ ጋው ሲነከስ ሽሪምፑ ቀጭ ይላል። ሊጡ ወፍሮ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ የቀረውንም ምግብ ብዙ አትጠብቁበት።

የዶሮ እግሩ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ እኛ ቤት ዶሮ ሲበለት የሚጣለው ያ እግር ነው። መጀመሪያ በዘይት ይጠበሳል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ከቅመም ጋር እስኪለሰልስ ይበስላል፤ ቆዳው የሚኮማተረውና ስጎ የሚጠጣው ለዚህ ነው። አንዷን ጣት ከመገጣጠሚያው ላይ ነክሳችሁ ቆዳውን በምላስ ግፈፉ፣ አጥንቷን በጨዋነት ወደ ሳህናችሁ መልሱ። መትፋት ነውር አይደለም፤ የጠረጴዛው ልብስ ላይ መበተን ግን ይቅር።

«ሊዩ ሳ ባዎ» የተባለው ቢጫ አስኳል ክሬም ያለበት ዳቦ ሲቀርብ ልጆች ካሉ አስጠንቅቁ። ዳቦው ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልም ውስጡ ያለው ክሬም ፈሳሽና የሚያቃጥል ነው። ከፈል አድርጋችሁ እንፋሎቱ ይውጣ።

በሰሊጥ የተሸፈነውን የተጠበሰ ድብልብል፣ «ጂን ደዩ»ን፣ እንዳታልፉት። ሰሊጣችንን በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ቻይና ስለሆነች የምትነክሱት ከሁመራ የተጫነ ሊሆንም ይችላል።

የጋራ ቾፕስቲክ በተለየ ቀለም ከቀረበ ከቅርጫት ወደ ሳህን በእሱ አንሡ፤ በራሳችሁ ብሉ። ሩዝ ላይ ቾፕስቲክ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሙታን ዕጣን ስለሚያስመስል ያስቀይማል። ቅርጫቱ ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ፍሬ ደግሞ ሳያስተዛዝቡ ማንሣት ከባድ ነው፤ ለሽማግሌው ወይም ለልጁ አሳልፉት።

6. ሒሳብ

«ማይ ዳን» በሉ፣ ወይም በአየር ላይ የመጻፍ ምልክት አሳዩ። ወረቀቱ ላይ ያላዘዛችሁት የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ሻዩ በሰው ቁጥር ይታሰባል፤ ጠጡም አልጠጡም። ሲገቡ ሳትጠይቁ የቀረበች ትንሽ ሳህን ለውዝ ወይም ኮምጣጤ የነካው አትክልትም ያስከፍላል፤ ካልፈለጋችሁ ገና ሲያስቀምጧት «አንፈልግም» ማለት ይቻላል። ሆንግ ኮንግ ላይ አብዛኛው ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ጓንግዡ ጉርሻ አይጠበቅም።

ጋባዥ ካላችሁ ለሒሳቡ ትግል ይነሣል፤ «በሞቴ እኔ ልክፈል» ብሎ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። አንዴ ሁለቴ ሞክራችሁ ተዉለት። መክፈል የምር ከፈለጋችሁ ወደ መጸዳጃ እንደምትሄዱ ሆናችሁ ካሸሩ ጋ ቀድማችሁ ጨርሱት። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የተረፈውን ማሸግ የተለመደ ነው፤ ለዕቃው ትንሽ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። በሎተስ ቅጠል ያለው ሩዝና ዳቦዎቹ በማግስቱ በእንፋሎት ሲሞቁ ይመለሳሉ። ሀ ጋውና ቹንግ ፈን ፍሪጅ ከገቡ ሊጣቸው ይደርቃል፤ እነሱን እዚያው ጨርሷቸው።