ብልታችን ውስጥ ያሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች እንዴት እንጠብቃቸው?

እህቶች፣ ብልታችን ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ላክቲክ አሲድ እያመረቱ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ያቆዩታል፣ እነሱ ሲመናመኑ ኤችፒቪ የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ቶሎ ላይለቅ ይችላል፣ የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ሁሌም ማለት ይቻላል የሚመጣው ከሱ ነው። ስለዚህ ውስጡን በሳሙናም በምንም አትታጠቡ በቃ፣ ራሱን ያጸዳል።

የዓሣ አይነት ሽታ ወይ ግራጫ ፈሳሽ ካያችሁ በግምት አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ ተመርመሩ። ፕሮባዮቲክ (ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት እንክብል ወይ ምግብ) ካንሰር ይከላከላል የሚሏችሁን ግን አትመኑ፣ አልተረጋገጠም።

ዋናው የኤችፒቪ ክትባቱና ምርመራው ነው፣ ሴት ልጆቻችሁን ከ9 እስከ 14 ዓመታቸው አስከትቡ፣ እናንተ ከ30 ጀምሮ በየ5 ወይ በየ10 ዓመቱ ኤችፒቪ ተመርመሩ፣ ኤችአይቪ ካለ ከ25 ጀምሮ ቶሎ ቶሎ። ከግንኙነት በኋላ ወይ ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ።