አጎቴ ዓመተ ምሕረቱን ሲያስተካክሉ ኢንተርኔቱ ጠፋ፦ የቀለለ ሊኑክስ ችግርና መፍትሄ

አጎቴ ቢቸና ላይ ጤፍ ይነግዳሉ። አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ለደካማ ኮምፒውተር የሚሆን ነፃ ሲስተም) ጫንኩላቸውና ፋየርፎክስ፣ ሂሳብ የሚይዙበት ካልክ፣ ፎቶዎቻቸውና ማጥፊያው ብቻ እንዲታዩ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ደበቅኩት። ጨረስኩ ብዬ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ስልኬ ግን አላረፈም። ለወላጆቻችሁ እንዲህ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እኔን ያለፋኝ ይኸው።

የትኛውም ድረ ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፈትም

ዳታ አለ፣ ዋይፋይ አለ፣ ገጽ የለም። ግማሽ ሰዓት ስለ ኔትወርክ ስጠይቃቸው ቆይቼ ነው፣ ልንሰነባበት ስንል «ዓመቱን ተሳስቶ 2024 ይላል፣ እኔ ነኝ 2017 ብዬ ያስተካከልኩት» ያሉኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 9 ስለሚል እሱንም አርመውታል። ደግሞ አልተሳሳቱም እኮ፣ ጥቅምት 2017 ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን በፈረንጅ 2017 ላይ ካስቀመጠ ያ ወረቀት ገና አልተሰጠም ማለት ነው፣ ስለዚህ ፋየርፎክስ አላልፍም ይላል።

መፍትሄው፦ የሲስተሙን ቀን በፈረንጅ ተዉት። የሰዓት ዞኑ አዲስ አበባ ይሁን፣ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት ይውሰድ። የምትቀይሩት ዓይናቸው የሚያርፍበትን ነው። ታች ፓነሉ (ፕሮግራሞችና ሰዓት የሚታዩበት ረጅም መስመር) ላይ ያለው ሰዓት ለብቻው ዞን የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ እዚያ ቦነስ አይረስን አስገቡና በ12 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። አርጀንቲና ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ይላል። ሳቁ፣ ግን ይሠራል። ቀኑን ከዚያ አጥፉት፤ ግድግዳቸው ላይ ካላንደር አለ።

ከዚያ የእሳቸውን አካውንት ተራ ተጠቃሚ አድርጉት። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል እናንተ ጋ ይቆይ። እኔ መጀመሪያ ይህን አለማድረጌ ነው ጥፋቱ።

ማንም ሳይነካው ባጠፉት ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት፣ ቀይሯት።

ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል፣ ብሮውዘሩ ግን ይጠይቃል

ይሄ አክስቴ ጋ የገጠመኝ ነው፣ ለእሷ ክሮሚየም ነበር የጫንኩት። በቀጥታ እንዲገባ ስታደርጉት የይለፍ ቃሎች ማስቀመጫው ሳይከፈት ይቀራል። የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የማስቀመጫውን ቃል ባዶ አድርጉት። ላፕቶፑን የሚሰርቅ ሰው የተቀመጠውን ሁሉ ያገኛል፤ ከቤት የማይወጣ ከሆነ እኔ ግድ የለኝም።

ፓነሉ ጠፋ፣ ወይ ጎን ላይ ተለጠፈ

በማውስ ጎትተውት ነው። የፓነል ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ ቆልፉት። ሁሉንም አስተካክላችሁ ስትጨርሱ የኤክስኤፍሲኢን የቅንብር ፎልደር ቅጂ አስቀምጡ፤ ሲበላሽ መልሶ መገልበጥ ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ብቻ

የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ ማሽኑ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ ተቋርጧል፣ ዲስኩ መፈተሽ አለበት። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ከታየ፣ የተበላሸው የዲስክ ክፍል ስም እዚያው ከላይ ተጽፎላችኋል፤ ኤፍኤስሲኬ የሚባለውን ዲስክ መፈተሻ ትእዛዝ በዚያ ስም አስኬዱና ዳግም አስነሱት። ይህን ለአጎቴ ፊደል በፊደል በስልክ ሳስጽፍ ካርዴ አለቀ። አዲስ ባትሪ ግዙ።

ድሮ የተጻፈ ደብዳቤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል

ፎንት አልጎደለም፤ አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ብትጭኑም አይፈታም። በአሮጌ ፓወር ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም)፣ ከዩኒኮድ ማለትም ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚያውቀው የፊደል አሰያየም ውጪ የተጻፈ ነው። ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። በአማርኛ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ያኔ ነው ፎንት የሚጎድለው፦ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጫኑ።

ዳታው በአንድ ቀን አለቀ

ራሱ እያወረደ ነው። አውቶማቲክ ማሻሻያውን ዘጋሁትና ለበዓል ስሄድ በራሴ ዋይፋይ እጭናለሁ። ለፋየርፎክስ ግን ያን ያህል አልጠብቅም፤ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ እደውልላቸዋለሁ፣ እሳቸው ስልካቸውን ያገናኛሉ፣ እኔ የቱ ጋ እንደሚጫን እነግራቸዋለሁ።