ሙድሽ የሚገለበጠው በሚካኤል ነው በማርያም? ቆጥረሽ ድረሽበት

ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ «ጨርቄን ማቄን ሳልል ሞጣ እናቴ ጋ እገባለሁ» ያልኩባቸውን ቀናት አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። አብዛኞቹ ፔሬዴ ሊመጣ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ነው። የቀሩት የእሱ ጥፋት ናቸው።

ይህን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ማድረግ ስጀምር ነው። አንቺም ሞክሪው። ግን መጀመሪያ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ነጥቡ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሁለቱ ሆርሞኖች በዋናነት የሚመረቱት ኦቫሪ (እንቁላል የሚወጣበት ክፍል) ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሥራቸው ማህፀን ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ከኮሌስትሮል የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ደም ውስጥ ያለውን ብዙ ነገር የሚያግደውን የአንጎል አጥር በቀላሉ አልፈው ይገባሉ። ገብተውም የሚቀበላቸው አያጡም፦ ሙቀትንና ረሃብን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ፣ ትዝታ የሚያስቀምጠው ሂፖካምፐስ፣ ፍርሃት የሚቀሰቀስበት አሚግዳላ፣ ከግንባርሽ ጀርባ ሆኖ «ተይ እንጂ፣ ረጋ በይ» የሚልሽ ክፍል ሳይቀር። እነ ካተሪን ዎሊና ብሩስ ማክኢወን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. አይጦች ላይ ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የአይጧ ዑደት አራት አምስት ቀን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ኢስትሮጅን ከፍ ሲል የሂፖካምፐስ ነርቮች የሚገናኙባቸው እሾህ መሳይ ጥቃቅን ቅጥያዎች ይበዛሉ፣ ሲወርድ ደግሞ ይቀንሳሉ። ያደገ አንጎል፣ በቀናት ውስጥ!

ኢስትሮጅን ስሜትን የሚያቃናውን ሴሮቶኒንን ያግዛል። ፕሮጄስትሮን ደግሞ አንጎል ውስጥ ተለውጦ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል የሚያረጋጋና እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወርዱ አንዳንዷ ምንም አይሰማትም፣ አንዳንዷ ግን ቤቱ ይጠባታል። የሚገርመው የሁለቱም ሴቶች የሆርሞን መጠን ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አንጎላቸው ለለውጡ ያለው ስሱነት ነው።

አሁን ወደ ካላንደሩ። ደም በደንብ የመጣበትን ቀን 1 በዪ። ከዚያ በየማታው፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ ለእንቅልፍሽ፣ ለሙድሽና ለራስ ምታትሽ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጪ። አንድ ወር አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት ዙር ሙሉ ያዢ። የእኛ ወር ሁሌ 30 ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ኅዳር 12 በሚካኤል ከመጣና ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ፣ ቀጣዩ ታኅሣሥ 10፣ ከዚያ ጥር 8፤ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ማለት ነው። የምታሳስተው ጳጉሜን ብቻ ነች። ነሐሴ 12 የመጣ፣ ጳጉሜን አምስት ስትሆን፣ መስከረም 5 በአቦ ይመጣል። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤነኛ ዑደት ስለሆነ 28 አልሆነልኝም ብለሽ አትጨነቂ።

ደሙ ካቆመ በኋላ ኢስትሮጅን እየወጣ ስለሚሄድ ብዙዎች ቀለል ይላቸዋል። እንቁላል ከወጣች በኋላ፣ ማለትም ቀጣዩ ፔሬድ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ተራው የፕሮጄስትሮን ነው። ሰውነትሽ ትንሽ ይሞቃል፣ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ድካምና ረሃብም ሊኖር ይችላል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁለቱም የሚወርዱባቸው ናቸው፤ ማይግሬን ያለባት እዚህ ጋ ትጠንቀቅ። መጥፎዎቹ ቁጥሮችሽ እዚህ ተከማችተው ደም ከመጣ በኋላ ከጠፉ ነገሩ ከዑደትሽ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራሽንና ትዳርሽን የሚያናጋ ከሆነ ካላንደሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ መድኃኒት አለው። ቁጥሩ ወሩን ሙሉ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ፈልጊ፦ ድብርት፣ ደም ማነስ፣ ወይም ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)። በእኛ ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በእነዚህ ቀናት ማሰብ ይሳነናል ማለት አይደለም። ሴቶች በተለያዩ የዑደት ቀናት ሲፈተኑ የማሰብ ችሎታቸው ላይ ወጥ የሆነ መውረድ አልታየም። ባልሽ «ፔሬድሽ ሊመጣ ነው አይደል?» ቢልሽ፣ የጠየቅሽው ነገር አሁንም መልስ ይፈልጋል።

ለወሊድ መከላከያ ዲፖ መርፌ የምትወጊ ወይም ክንድሽ ላይ ያስቀበርሽ ከሆንሽ የጀመርሽበትን ቀን እዚያው ጻፊ። እነሱም ሆርሞን ናቸው። ብዙዎች ይስማማቸዋል፣ አንዳንዶች ሙዳቸው ይወርዳል። ጎረቤት ስለነገረችሽ ብቻ አታስወጪ። ሉፕም አለ፤ የመዳቡ ሆርሞን የለውም፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን አማክሪ።

አራስ ቤት ያለው መውረድ ከሁሉም ይበልጣል። በእርግዝና ጊዜ ሰማይ የነኩት ሆርሞኖች የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ወለል ላይ ይወድቃሉ። በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ዝም ብሎ እንባ ቢመጣ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አራስ ብቻዋን አትተው የሚለው የእኛ ወግ፣ የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ እዚህ ጋ ጠቃሚ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ሐኪም ጋ ለመሄድ «ክርስትናው ይለፍና» ብላችሁ አትጠብቁ። ራሷን ወይም ልጇን ልጎዳ ካለች ወይም ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች ግን የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዷት።

ማረጥ ደግሞ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 50 ዓመት ገደማ። እናቴ ሞጣ በሐምሌ ብርድ ሌሊት ጋቢዋን እየጣለች በር ስትከፍት ቤቱ ሁሉ ተጨነቀ። ኢስትሮጅን ሲጎድል ሃይፖታላመስ ትንሿን ሙቀት እንደ ትልቅ ቆጥሮ ላብ ያስወጣል፣ ደም ወደ ቆዳ ይልካል። እንቅልፍ ሲቆራረጥ ስም መርሳቱ ይከተላል። እሷ ጠበል ልሂድ አለች፤ ሄደች፣ ሐኪም ጋም ሄድን። የሆርሞን ሕክምና እንዳለ፣ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለነበረባት ግን እንደማይሆን ነገረን። ለጊዜው የማታውን ቡና ተወች፣ በረካውን ብቻ አይደለም፣ አቦሉንም። አኩርፋ ነበር። ጋቢው አሁን እግርጌዋ ነው የሚቀመጠው። ነጠላ ደርባ ትተኛለች፣ ሌሊት ትጥላለች፣ ሊነጋ ሲል ጋቢውን ትስባለች።