የእንግሊዝኛ ሞዳል ቨርቦችን እንዴት ለይቶ መረዳትና መለማመድ ይቻላል

ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ እና ማስት የተባሉት 9 ረዳት ግሶች በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሞዳል ቨርብ ይባላሉ። ከዋናው ግስ በፊት እየገቡ ድርጊቱ ግዴታ ይሁን ፈቃድ፣ ችሎታ ይሁን ግምት ያመለክታሉ። አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር በብዙ ደብተር ላይ የማገኘው አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ ይሰለፋል፤ ካን «ይችላል»፣ ማስት «አለበት»፣ ሹድም እንደገና «አለበት» ይሆናል። ይህ ሠንጠረዥ ከፈተና ዋዜማ ያለፈ ጥቅም ያለው አይመስለኝም፤ አንዱ ሞዳል ሁለትና ሦስት ሥራ ስለሚሠራ፣ ከሥራው ተነስቶ ወደ ቃሉ መሄድ ይሻላል።

ቅርጹን በአንድ ቀን ይጨርሱ

ከሞዳሉ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ምንም ሳይጨመርበት በመነሻ ቅርጹ ይቀመጣል፤ ሞዳሉም በባለቤቱ አይለወጥም። አማርኛ «እችላለሁ፣ ትችላለህ፣ ይችላል» እያለ ግሱን ከባለቤቱ ጋር ስለሚያረባ፣ «ሂ» ወይም «ሺ» ሲመጣ አንድ ነገር የመጨመር ፍላጎት ያድራል፤ «ሂ ካን ስፒክስ» ስሕተት ነው፣ ትክክሉ «ሂ ካን ስፒክ» ነው። ሲጠየቅ ሞዳሉ ከባለቤቱ ይቀድማል፣ በአሉታ «ኖት» ይከተለዋል፤ «ዱ» እና «ዳዝ» አይገቡም። ሁለት ሞዳሎች ጎን ለጎን ስለማይቆሙ «በሚቀጥለው ዓመት መኪና መንዳት እችላለሁ» ለማለት «አይ ዊል ካን» ማለት አይቻልም፤ «አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ ድራይቭ» ይባላል። ግዴታን የሚገልጸው «ሃቭ ቱ» ግን በትርጉሙ ከሞዳሎች ጋር ቢመደብም በቅርጹ እንደ ተራ ግስ ስለሚረባ «ሂ ሃዝ ቱ» እና «ዶንት ሃቭ ቱ» ይላል።

ቃላቱን በሥራቸው ይመድቡ

በደብተርዎ አራት ገጾች ይክፈቱና ችሎታ፣ ፈቃድና ልመና፣ ግዴታና ምክር፣ ግምት የሚሉ ርእሶችን ይስጧቸው። አንዱ ሞዳል በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ላይ ቢገኝ አይደንግጡ። «ሜይ» የሚለው ቃል በፈቃድ ገጽ ላይ «ሜይ አይ ካም ኢን?» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከመድኃኒት ካርቶን ጎን ላይ «ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ለመድኃኒቱ ፈቃድ የሰጠው የለም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል ለማለት ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቃሉን ብቻውን ከመጻፍ ይልቅ እንዲህ ያለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ።

አሉታውን በጥንቃቄ ይለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲነገሩ ልዩነታቸው ጥቂት ስለሆነ አንዱን በሌላው ቢተኩ የሚጎዳ ነገር የለም፤ በአሉታ ግን ፈጽመው ይለያያሉ። «ማስት ኖት» ክልከላ ነው፤ «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታው መነሣቱን ብቻ የሚናገር በመሆኑ ሰውየው ቢፈልግ ሊያደርገው ይችላል። አማርኛ ሁለቱንም «የለብህም» በሚለው አንድ ቃል ስለሚሸፍናቸው ልዩነቱ ለእኛ በቀላሉ አይታየንም። «ወንዙ ሞልቷልና መሻገር የለብህም» ስንል እየከለከልን ነው፤ «ለሰርጉ ስጦታ ይዘህ መምጣት የለብህም፣ አንተ ብቻ ና» ስንል ግን ስጦታ የያዘውን እንግዳ ከበር የሚመልሰው የለም። አማርኛ ሰሚው ከሁኔታው ይረዳል፤ እንግሊዝኛ ሰሚው ግን ቃሉን እንደተነገረው ይቀበላል። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ «አሁን መክፈል የለብዎትም፣ ሲወጡ ይደርሳል» ለማለት ፈልጎ «ዩ ማስት ኖት ፔይ ናው» ቢል፣ እንግዳው ገንዘቡን እንዳያወጣ የተከለከለ መስሎት ምን ሕግ ጣሰ ብሎ ግራ ይጋባል።

ለዚህ የሚረዳው ዘዴ እንግሊዝኛውን ከመፈለግ በፊት የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ መፈተን ነው። «መሄድ የለብህም» የሚለው በ«እንዳትሄድ» ወይም በ«መሄድ ክልክል ነው» ሊተካ ከቻለ እንግሊዝኛው «ማስት ኖት» ነው። «ባትሄድም ችግር የለውም» በሚለው ከተተካ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። «ባትሄድ ይሻልሃል» በሚለው ከተተካ ደግሞ ምክር ስለሆነ «ሹድ ኖት» ይሆናል። ዘዴውን «መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ የለብዎትም» በሚለው ላይ ቢሞክሩት ሦስቱም መተኪያዎች እንደሚገቡ ያያሉ፤ ሐኪሙን መልሶ ሳይጠይቁ መተርጎም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በስልክ ያሉ የትርጉም መተግበሪያዎችም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሰጣቸው ተናጋሪው ምን እንዳሰበ የሚያውቁበት መንገድ ስለሌላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲታመኑ አልመክርም።

በኃላፊ ጊዜ ችግሩ ወደ አዎንታውም ይዛመታል። «ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ» ያለ ሰው ግዴታ ሆኖበት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሄድ ቀርቶ የሚጸጸትም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው «አይ ሃድ ቱ ጎ»፣ ሁለተኛው «አይ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው። ስለዚህ ራስዎን «ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተፈጸመ «ሃድ ቱ»፣ ካልተፈጸመና ቁጭት ካለበት «ሹድ ሃቭ» ከነሦስተኛው የግስ ቅርጽ ይመጣል። «መሄድ አልነበረብኝም» የሚለውም እንዲሁ፣ ሄዶ ለተጸጸተው «አይ ሹድንት ሃቭ ጎን»፣ ግዴታ ላልነበረበት «አይ ዲድንት ሃቭ ቱ ጎ» ይሆናል። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ከነአማርኛቸው በግዴታ ገጽዎ ላይ ይጻፏቸው፤ ከብዙ መልመጃ ይልቅ እነሱን ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል።

በግምት ላይ አማርኛዎን ይመኑ

በዚህ ክፍል ቋንቋችን ያግዘናል። «ቤት መሆን አለበት» ስንል ግዴታ እንዳልሆነና እርግጠኛ ለመሆን የቀረበ ግምት እንደሆነ የሚጠፋው የለም፤ እንግሊዝኛውም «ሂ ማስት ቢ አት ሆም» ይላል። የዚህ ተቃራኒ «ማስት ኖት» አይደለም፤ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም» ነው፤ እኛም «ቤት ሊሆን አይችልም» እንላለን። በመካከል ላለው ጥርጣሬ «ሜይ»፣ «ማይት» እና «ኩድ» ያገለግላሉ፤ «ማይት» ጥርጣሬውን ትንሽ ያሰፋዋል ቢባልም በዕለት ንግግር ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ያለፈ ነገር ሲገመት «ሃቭ» ይጨመራል፤ «ረስቶት መሆን አለበት» ለማለት «ሂ ማስት ሃቭ ፎርጎትን ኢት» ይባላል።

በችሎታ ገጽ ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቻ ትበቃለች። «ኩድ» ድሮ በአጠቃላይ ለነበረ ችሎታ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ለተሳካ ነገር ግን «ወዝ ኤብል ቱ» ይመረጣል። «ትናንት በመጨረሻ ፓስፖርቴን ማውጣት ቻልኩ» የሚለው «አይ ወዝ ኤብል ቱ ጌት ማይ ፓስፖርት» ነው። በአሉታ «ኩድንት» ለሁለቱም ይሠራል።

አክብሮቱን በሞዳሉ ያስገቡ

እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚል ልዩነት ስለሌለው ሁሉንም «ዩ» ይላል፤ አክብሮቱን ከሚሸከሙት አንዱ ሞዳሉ ነው። «ይጠብቁኝ» የሚለውን በቀጥታ «ዌይት» ብሎ ማለት ለአሠሪም ሆነ ለደንበኛ ትእዛዝ ይመስላል፤ «ኩድ ዩ ዌይት፣ ፕሊዝ?» ወይም «ዉድ ዩ ዌይት?» ሲባል ግን «እባክዎ» የሚለው ስሜት ይገኛል። በዓረብ አገሮችም ሆነ በአሜሪካ በሰው ቤትና በመስተንግዶ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ከሰዋስው መጽሐፍ ሁሉ አስቀድመው ሊይዙት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። «ሜይ ዩ ሄልፕ ሚ?» ግን አይባልም፤ «ሜይ» ፈቃድ ሲጠየቅበት «አይ» እና «ዊ» ከሚሉት ጋር ነው የሚሄደው። ፈቃድ ሲሰጥም «የስ፣ ዩ ካን» ይባላል እንጂ «የስ፣ ዩ ኩድ» አይባልም።

ጆሮንና አንደበትን ማለማመድ

በአሜሪካውያን አነጋገር «ካን» በዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ተጨፍልቆ «ክን» ይሆናል፤ «ካንት» ግን አናባቢውን ሙሉ ይዞ ይነገራል፣ የመጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። «አይ ካን ካም ቱሞሮው» ብሎ «ካን» የሚለውን ያጠነከረ አበሻ «አልመጣም» እንዳለ ሆኖ ሊሰማ የሚችለው ለዚህ ነው። «አይ ክን ካም» እያሉ ሞዳሉን በፍጥነት አልፎ ክብደቱን በዋናው ግስ ላይ መጣል ያስፈልጋል። የ«ማስት ኖት» አጭር ቅርጽም «ማስንት» ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያዋ «ት» ትጠፋለች።

ልምምዱን ከእውነተኛ ጽሑፍ ይውሰዱ

ባዶ ቦታ የሚያስሞሉ ጥያቄዎችን ብዙም አልወድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱን ብቻ ስለሚቀበሉ ተማሪውን ያለ ጥፋቱ ይጥሉታል። ይልቁንም አንድ ሁኔታ ይምረጡ፤ ወንድምዎ ስልክ አያነሳም እንበል። በግምት ገጽዎ ላይ «ሂ ማስት ቢ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ማይት ቢ ድራይቪንግ»፣ «ሂ ካንት ቢ አት ወርክ» ብለው ከጻፉ በኋላ ለእያንዳንዱ ምክንያት ያክሉበት። ምክንያቱ ሳይኖር ሞዳሉ ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም።

ለንባብ የብሪታንያ የመንገድ ደንብ የሆነው ሃይዌይ ኮድ ጥሩ ነው፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፣ «ማስት» እና «ማስት ኖት» የሚሉትን በሕግ ለተደነገገው ብቻ እየተጠቀመ ምክሩን በ«ሹድ» ይለያል። «ሻል» የሚለውን ደግሞ በንግግር «ሻል ዊ ጎ?» ከሚለው ዓይነት ጥያቄ ውጭ እምብዛም አይሰሙትም፤ መኖሪያው ሕግና ውል ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተምበትን ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ወይም የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ይክፈቱ። አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 2 በአማርኛው «አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይሆናል» ሲል እንግሊዝኛው በዚያ «ይሆናል» ምትክ «ሻል ቢ» ይላል። የአማርኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍነው እንግሊዝኛውን አንቀጽ በአንቀጽ እየተረጎሙ፣ በእያንዳንዱ «ሻል» እና «ሜይ» ላይ የጻፉትን ከተሸፈነው ጋር ያስተያዩ።