የዲስክ ምስልን በሊብአርካይቭ እንዴት መክፈት፣ ማውጣትና መሥራት እንደሚቻል

አይኤስኦ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል የአንድን ሲዲ ወይም ዲቪዲ ይዘት ከነአደረጃጀቱ ጠቅልሎ የያዘ የዲስክ ምስል ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን ፋይል የሚከፍቱት እውነተኛ ዲስክ የገባ አስመስለው ከስርዓተ ክወናው ጋር በማያያዝ፣ ማለትም ማውንት በማድረግ ነው፤ ይህ ግን በሊኑክስ ላይ በአብዛኛው የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አሠራሩም ከአንዱ ስርዓተ ክወና ወደ ሌላው ይለያያል። ሊብአርካይቭ የተባለው ክፍት ምንጭ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ግን ምስሉን እንደ ዚፕ ወይም እንደ ታር ጥቅል ያነበዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፋይሉን የማንበብ መብት ብቻ ሲሆን፣ ትዕዛዙም በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ ላይ ያው ነው።

ላይብረሪውን የጀመረው ቲም ኪንትዝል ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ፍሪቢኤስዲ 5.3 ስርዓተ ክወና ጋር ነው። የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው፤ የቢኤስዲ ፈቃዱም የቅጂ መብት ማስታወቂያውን እስከጠበቁ ድረስ በንግድ ሶፍትዌር ውስጥ ጭምር እንዲጠቀሙበት ያስችላል።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሊብአርካይቭ የሚያየው በምስሉ ውስጥ ያሉትን ፋይሎችና አቃፊዎች እንጂ ዲስኩን ራሱን አይደለም። የማክ ዲኤምጂ ምስሎችን፣ የምናባዊ ማሽን ዲስኮችን፣ ወይም ከሃርድ ዲስክ እንዳለ የተቀዱ ክፍልፋዮችን አይፈታም፤ ለእነዚህ ሊብጌስትኤፍኤስን የመሳሰሉ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። እዚህ የምንመለከተው አይኤስኦ 9660 በተባለው ደረጃ የተሠሩ ምስሎችን ነው። የትዕዛዝና የአማራጭ ስሞች በተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ሆሄያት ሲሆን፣ «ትልቁ» ካልተባለ በቀር ትንንሾቹ ሆሄያት ናቸው።

1. መሣሪያውን ማግኘት

ከላይብረሪው ጋር ቢኤስዲታር የተባለ የትዕዛዝ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሊብአርካይቭ-ቱልስ የተባለውን ጥቅል፣ በፌዶራ ላይ ደግሞ ቢኤስዲታር የተባለውን ይጫኑ። በማክ ላይ ታር የሚባለው ትዕዛዝ ራሱ ቢኤስዲታር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ በዊንዶውስም ላይ እንደዚሁ ነው። በሊኑክስ ላይ ግን ታር ብለው ቢጽፉ በአብዛኛው የሚነሳው የግኑ ታር ነው፤ እሱ ደግሞ የአይኤስኦ ምስል አያነብም። ጥርጣሬ ካለ ከትዕዛዙ ቀጥሎ ሁለት ጭረትና «ቨርዥን» ጽፎ መጠየቅ ይበቃል፤ በምላሹ ውስጥ የሊብአርካይቭ ስም ከሌለ መሣሪያው ሌላ ነው።

2. ይዘቱን መዘርዘር

በቅድሚያ የምስሉን የሻ-256 ማረጋገጫ ቁጥር አከፋፋዩ ካወጣው ጋር ያመሳክሩ። ከዚያም ቢኤስዲታር ብለው፣ ጭረት አስከትለው «ቲ»፣ «ቪ» እና «ኤፍ» የተባሉትን ሆሄያት አያይዘው ይጻፉና የምስሉን ስም ያክሉ። ምንም ነገር ወደ ዲስክ ሳይጻፍ የፋይሎቹ ስም፣ መጠንና ቀን ይዘረዘራል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ካልመጣ አይደናገጡ፤ ላይብረሪው ወደፊት ብቻ እየተጓዘ ለማንበብ እንዲችል ፋይሎቹን የሚያቀርበው በምስሉ ውስጥ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ነው። በጂዚፕ ወይም በኤክስዜድ የታመቀ ምስልም መጀመሪያ መፍታት ሳያስፈልግ በዚሁ ትዕዛዝ ይነበባል።

አንዳንድ ጊዜ ብዙ ጊጋባይት ከሚመዝን ምስል ውስጥ «ሪድሚ» የሚል አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ይወጣል። ይህ በዊንዶውስ መጫኛ ምስሎች ላይ የተለመደ ነው። ምስሉ አልተበላሸም፤ እውነተኛው ይዘት የተቀመጠው ዩዲኤፍ በተባለው ሌላ የፋይል ስርዓት ውስጥ ስለሆነና ሊብአርካይቭ ዩዲኤፍን ስለማያነብ ነው። ትዕዛዙን መቀያየር ስለማይጠቅም እንዲህ ዓይነቱን ምስል ማውንት ማድረግ ይሻላል።

3. ፋይሎቹን ማውጣት

ባዶ አቃፊ ይፍጠሩ። ቀጥሎ ቢኤስዲታር፣ ጭረት፣ «ኤክስ» እና «ኤፍ»፣ የምስሉ ስም፣ ከዚያ ጭረትና ትልቁ «ሲ»፣ በመጨረሻም የአቃፊው ስም ይጻፋል። አንድ ፋይል ብቻ ከተፈለገ በዝርዝሩ ላይ የታየውን ሙሉ መንገዱን በትዕዛዙ መጨረሻ ማከል ይበቃል።

ሲዲ የማይጻፍበት መሣሪያ ስለነበረ፣ በምስሎች ውስጥ ያሉ ፋይሎችና አቃፊዎች ብዙውን ጊዜ ተነባቢ ብቻ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ላይብረሪው ይህን መብት እንዳለ ሲያስቀምጥ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ የወጣውን አቃፊ መሰረዝ ወይም ማስተካከል ይከለከላል። መፍትሔው «ችሞድ» በተባለው ትዕዛዝ ለባለቤቱ የመጻፍ መብትን በሁሉም ንዑስ አቃፊዎች ላይ መስጠት ነው።

4. አዲስ ምስል መሥራት

ለመሥራት «ሲ» እና «ኤፍ» ከጭረት በኋላ ይጻፉና የአዲሱን ምስል ስም ያስከትሉ፤ ከዚያ ሁለት ጭረት፣ «ፎርማት»፣ የእኩል ምልክትና «አይኤስኦ9660» ይጨምሩ፤ በመጨረሻም የሚጠቀለለውን አቃፊ ይጥቀሱ። የመጀመሪያው የአይኤስኦ 9660 እርከን ለፋይል ስም 8፣ ለቅጥያው 3 ሆሄ ብቻ ይፈቅድ ነበር። ላይብረሪው ሮክ ሪጅና ጆሊየት የተባሉትን የደረጃው ማስፋፊያዎች ሳይጠየቅ ስለሚጨምር ግን ረጃጅም ስሞች አይቆረጡም፤ በአማርኛ የተጻፉ ስሞችም ያልፋሉ፣ ምክንያቱም ጆሊየት ስሞችን የሚያስቀምጠው በዩኒኮድ ነው።

አስቸጋሪው ጉዳይ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ምስልን ፈትቶ፣ አንድ ፋይል ቀይሮ፣ መልሶ መጠቅለል ነው። በአይኤስኦ 9660 እያንዳንዱ ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል) 2,048 ባይት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32,768 ባይቶች፣ ለስርዓቱ የተተዉ ናቸው። ከፍላሽ ዲስክ የሚነሱ የሊኑክስ ምስሎች የማስነሻ ኮዳቸውን እዚህ ስፍራ ያስቀምጣሉ። ይህ ኮድ ፋይል ስላልሆነ ሲወጣ አይወጣም፣ ሲጠቀለልም አይመለስም። ሊብአርካይቭ «ቡት» በተባለው አማራጭ የኤል ቶሪቶን የሲዲ ማስነሻ መዝገብ ሊጽፍ ይችላል፤ ከፍላሽ ለሚነሳ ምስል ግን ዞሪሶ የተባለውን መሣሪያ መጠቀም ይመረጣል።

5. ላይብረሪውን በራስ ፕሮግራም ውስጥ መጠቀም

በሲ የሚጽፍ ሰው ንባቡን «አርካይቭ_ሪድ_ኒው» በተባለው ፋንክሽን ይጀምራል። ቀጥሎ የሚነበበውን ዓይነት ይፈቅዳል። ብዙ ምሳሌዎች ላይ ሁሉንም ዓይነት የሚፈቅደው ፋንክሽን ይታያል፤ የሚጠበቀው አይኤስኦ ብቻ ከሆነ ግን አይኤስኦን ብቻ መፍቀድ ይገባል፤ ያልተፈለጉ አንባቢዎች ክፍት በሆኑ ቁጥር ለተንኮል ፋይል የሚጋለጠው ኮድ ይበዛል። ከዚያ ፋይሉን ከፍቶ፣ «አርካይቭ_ሪድ_ኔክስት_ሄደር»ን እየደጋገመ በመጥራት አንድ በአንድ ያልፋል፤ ሲጨርስም «አርካይቭ_ሪድ_ፍሪ»ን ይጠራል።

ወደ ዲስክ በሚጻፍበት ጊዜ ቸል የማይባል ልዩነት አለ። ቢኤስዲታር ከተመደበለት አቃፊ ለመውጣት የሚሞክሩ መንገዶችን በራሱ ይከለክላል፤ ላይብረሪው ግን ካልታዘዘ አይከለክልም። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ነጥቦች (..) ያለባቸውን መንገዶች፣ ከስርዓቱ ሥር (ዋና) አቃፊ የሚጀምሩ መንገዶችንና አሳሳች ተምሳሌታዊ ማያያዣዎችን (ወደ ሌላ ፋይል ወይም አቃፊ የሚጠቁሙ ፋይሎችን) የሚያግዱትን ሦስቱን የጥበቃ ምልክቶች ፕሮግራመሩ ራሱ ማብራት አለበት።

የሚመለሰውን ቁጥርም ሁልጊዜ ይመልከቱ። 0 ሥራው መሳካቱን፣ 1 ጥቅሉ ማለቁን ያመለክታል፤ ከ0 በታች የሆነ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ‑20 ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ንባቡ ይቀጥላል፤ ‑25 የዚያ ተግባር አለመሳካት ሲሆን የሚቀጥለውን ፋይል መሞከር ይቻላል፤ ‑30 ሲመጣ ግን ያ ንባብ አብቅቷልና የስህተቱን መግለጫ በ«አርካይቭ_ኤረር_ስትሪንግ» ወስዶ መዝጋት ነው።