እርጅናን በዩኒቨርሲቲ ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ እርጅና የሚያስተምር ኮርስ አንድ ጉድ አለው። ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ሁሉ ገና ሳይጀምር የሚያውቀው ይመስለዋል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ «እኔ አያቴን ስለማውቅ…» ብሎ የሚጀምር ሰው የለም፤ እዚህ ግን በየሳምንቱ ትሰሙታላችሁ። እኔም ብያለሁ፣ ያውም እጄን አውጥቼ። ከታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው፤ ሳይጠይቁ መልስ ይዞ ከመግባት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት አያትን የአረጋውያን ሁሉ ተወካይ ማድረግ

ሰው ዕድሜው በገፋ ቁጥር ከእኩዮቹ ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ሁለት የ2 ዓመት ሕፃናት ብዙ ነገራቸው ይመሳሰላል። ሁለት የ80 ዓመት ሰዎች ግን አንደኛቸው ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ሌላኛቸው ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ ላይነሡ ይችላሉ፤ በመሃላቸው ያለው የ80 ዓመት ሥራ፣ ገቢ፣ ሕመም፣ ኀዘንና ዕድል ነው። ስለዚህ አሳይመንታችሁ ላይ «አረጋውያን ይወዳሉ»፣ «አረጋውያን አይፈልጉም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያው ቁሙና «የትኞቹ?» በሉ። ገና 62 የሞላቸው? 90 ያለፉት? ብቻቸውን የሚኖሩት?

ሮበርት በትለር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1969 «ኤጂዝም» የሚለውን ቃል ያወጣው ሰውን በዕድሜው ብቻ መፈረጅን ለመጥራት ነው። ፍረጃው ደግሞ የግድ ከክፋት አይመጣም። «ሽማግሌዎች እኮ ሁሉም ደጎች ናቸው» ማለትም ያው ፍረጃ ነው።

በሽታውን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ

ይሄ ፈተና ላይ ነጥብ ያስጥላል፣ መስክ ላይ ግን ሰው ይጎዳል። ስም ለማስታወስ ትንሽ መዘግየት፣ አዲስ ነገር ለመልመድ ጊዜ መውሰድ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ዲሜንሺያ (የማስታወስና የማሰብ ችሎታ እየተዳከመ የሚሄድበት ችግር) ግን ሁሉም ሰው የሚደርስበት የእርጅና ደረጃ አይደለም። የተለያዩ በሽታዎች የሚያመጡት ችግር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆነው ውስጥ አልዛይመር አለበት። ድብርትም የዕድሜ ዕጣ አይደለም። ሽንት መቆጣጠር አለመቻልም ብዙ ጊዜ የሚረዳው ሕክምና አለ፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ስለሚያፍሩ ብቻ ተደብቆ ይቀራል። በተለይ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ግራ ከተጋባ፣ ከቀባዠረ፣ «አርጅተው ነው» አትበሉ። ኢንፌክሽን ወይም አዲስ የጀመሩት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት።

የዚህ ተቃራኒም አለ፦ «ራሱን የጠበቀ ሰው አይታመምም» የሚለው። ሮውና ካን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 በሰፊው ያስተዋወቁት «ስኬታማ እርጅና» የሚባለው ሐሳብ ብዙ የተተቸው በዚህ በኩል ነው፤ ስኬታማ የሚባል ካለ የታመመው ወደቀ ማለት ነው እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ሪፖርቱ ለጤናማ እርጅና የሰጠው ትርጉም ትኩረቱን ከበሽታ አንሥቶ ሰውየው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ማድረግ መቻሉ ላይ አደረገው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ የሚፈልጉትን ኑሮ የሚኖሩ እናት በዚህ ትርጉም ጤናማ ሆነው እያረጁ ነው።

ጄሮንቶሎጂንና ጄሪያትሪክስን ማቀላቀል

የመጀመሪያው እርጅናን ከሴል እስከ ጡረታ ፖሊሲ ከየአቅጣጫው የሚያጠናው ነው፤ ሁለተኛው የአረጋውያን ሕክምና ነው። ቃላቱን ያወጡት ኤሊ ሜችኒኮፍ በ1903 እና ኢግናትዝ ናሸር በ1909 ናቸው። በቃ ይኸው ነው። ሆኖም በዚህ ነጥብ የሚጥል ተማሪ አይጠፋም።

ቲዎሪውን ሸምድዶ ከማን ሕይወት እንደተቀዳ አለመጠየቅ

በ1961 ከሚንግና ሄንሪ የተባሉ ተመራማሪዎች «ሰው ሲያረጅ ከማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ ይለያል፣ ማኅበረሰቡም ይለየዋል፣ ይህም ለሁለቱም ጥሩ ነው» አሉ። ሌሎች ደግሞ «የለም፣ ተሳትፎው የቀጠለ ነው ደስተኛ የሚሆነው» አሉ። ከዚያ «ሰው ሲያረጅም ያንኑ ጠባዩንና ልማዱን ይዞ ለመቀጠል ይሞክራል» የሚል መጣ። ተማሪው ሦስቱን ከነስማቸው ያስታውስና የትኛው «ትክክል» እንደሆነ ይመርጣል። የመጀመሪያው ቲዎሪ እኮ የተነሣው ካንሳስ ሲቲ በተባለ አንድ የአሜሪካ ከተማ ከሚኖሩ ሰዎች ነው! ከሥራ የወጡት ፈልገው ነው ወይስ ተገፍተው? ይቺን ጥያቄ መልስ ወረቀታችሁ ላይ አስገቡ፣ የመምህሩ ፊት ሲበራ ታያላችሁ።

ሠንጠረዥ አይቶ መደምደም

የ30፣ የ50 እና የ75 ዓመት ሰዎችን በአንድ ቀን ፈተና ሰጣችሁ እንበል። የ75ቶቹ ውጤት ዝቅ አለ። ዕድሜ ነው የቀነሰው ወይስ እነሱ ልጅ በነበሩበት ዘመን ትምህርት ቤት የሚገባው ጥቂት ስለነበረ ነው? አንዴ ብቻ በተሰበሰበ መረጃ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ዋርነር ሻይ የተባለ ተመራማሪ በ1956 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ውስጥ ጥናቱን ጀምሮ ያንኑ ሰው በየ7 ዓመቱ እየጠራ ሲፈትን፣ ቀደም ብሎ የሚጀምር ይመስል የነበረው መውረድ ለአብዛኞቹ የአእምሮ ችሎታዎች ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ይሄም ቢሆን ቀዳዳ አለው፤ የደከሙትና የታመሙት ከጥናቱ ይወጣሉ፣ እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ጠንካሮቹ ናቸው።

ሌላው የተለመደ ስህተት፦ «አማካይ የሕይወት ዘመን 40 በነበረበት ጊዜ ሽማግሌ አልነበረም» ማለት። ነበረ። ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትተው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው። የአንድ አገር ሕዝብ «አረጀ» ሲባልም ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰው ረጅም መኖሩ ሳይሆን የሚወለደው ማነሱ ነው። ይቺን ሁለተኛዋን ፋይናል ላይ የሳትኳት እኔ ነኝ።

የጤና ትምህርት ማለት መናገር ነው ብሎ ማሰብ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔ ትልቁ ቅሌት እዚህ ነው። ለመስክ ልምምድ ስለ መውደቅ አደጋ እንዳስተምር ተመደብኩ። ስላይድ ሠራሁ፤ ምንጣፍ አንሡ፣ መብራት አብሩ፣ የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ፣ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ሥሩ። አንዱም ውሸት የለውም። ስጨርስ አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔ የምወድቀው ሌሊት ለሽንት ስነሣ ነው። የሚያስነሣኝ ደግሞ ማታ የምውጠው የግፊት ኪኒን ነው።» ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነበር። የሚያስፈልጋቸው የኔ ስላይድ ሳይሆን መድኃኒቱ በጠዋት ሊሆን ይችል እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር የሚነጋገሩበት አምስት ደቂቃ ነበር። ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ያንን ሁሉ ሌሊት ስላይድ ስሠራ አላድርም ነበር።

ክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር እኮ። ሎረንስ ግሪን በ1974 ያቀረበው «ፕሪሲድ» የተባለው የጤና ፕሮግራም ማቀጃ ማዕቀፍ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ የሰዎቹን ኑሮ የሚያከብድባቸው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅና ወደ ኋላ እየሄደ ምክንያቱን ይፈልጋል። በራሪ ወረቀት የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። «የጤና እምነት ሞዴል» የሚባለውም በ1950ዎቹ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ቀርቦ ሰው ለምን እንደማይመጣ ለማወቅ ሲሞከር ነው። ነፃ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ይጠቅማል፣ ግን ሰው አይመጣም። ሰውየው «እኔን አይዘኝም» ብሎ ካመነ ወይም የሚያግደው ነገር ከጥቅሙ ከበለጠበት ዝም ብሎ መረጃ ማብዛት ምን ይፈይዳል?

አንድ ሌላ ነገር፣ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፣ በተለይ ለወጣት ተማሪ አዝነውለት። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?» በሉ። ሲመልሱ ከተሳሳቱ የተፈተናችሁት እናንተ ናችሁ።

መጮህ

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፣ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉትን። ሰውየው ድምፃችሁን ይሰማል፣ ቃሉ ግን ይደባለቅበታል። ስትጮሁ ደግሞ ቃሉ ይባስ ይበላሻል፣ የተቆጣችሁም ትመስላላችሁ። ፊታችሁ ብርሃን ላይ ይሁን፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ዘርዘር አድርጋችሁ ተናገሩ። «አንቱ» እያሉም እንደ ሕፃን ማናገር እንደሚቻል ግን አትርሱ፤ የሚያባብል ድምፅ አክብሮት አይደለም።

ቅጹን በግምት መሙላት

አረጋውያን የዕለት ኑሯቸውን ያለ ሰው እርዳታ ምን ያህል እንደሚወጡት የሚለኩ ቅጾች አሉ። ካትዝ የተባለ ሐኪም በ1963 ያወጣው መለኪያ 6 ነገር ይጠይቃል፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መመገብ። ሎውተንና ብሮዲ በ1969 ያወጡት ደግሞ 8 አለው፣ እንደ ስልክ መጠቀም፣ ገንዘብ መያዝ፣ መድኃኒት መውሰድ ያሉ። ቀላል ይመስላል። ግን ዕድሜ ልካቸውን ምግብ ሠርተው የማያውቁ ሰው «አይሠሩም» ተብለው ነጥብ ቢቀነስባቸው የተለካው ምንድን ነው? «አይሠሩም» እና «አይችሉም» ይለያያሉ። ደግሞም ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጣችሁ ልጅየዋን ብቻ አትጠይቁ። ባለቤቱ እዚያው ተቀምጠዋል።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ መጥፋት

ልምምዱ ለእናንተ 3 ክሬዲት ነው። ለሚቀበሏችሁ ሰው ግን በሳምንት አንዴ የሚመጣ ጆሮ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ቀናችሁን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረውም ድገሙት። እኔ አልተናገርኩም። ለካ ያ ቀን የመጨረሻዬ ኖሯል፤ ያ ኪኒናቸው ሌሊት የሚያስነሣቸው አባት በር ድረስ ሸኝተውኝ «ሐኪሙ ያለኝን ማክሰኞ እነግርሃለሁ» አሉኝ።